ጨው የተነሰነሰበት ድልድይ

ካማኖሳዋ፣ 12ኛ ወር፣ 3ኛ ቀን

ለልጄ ለፉሚኤ፣

ሁላችሁም እንዴት ሰነበታችሁ? እዚህ ሦስት ቀን ሙሉ በረዶ ሲወርድ ሰንብቶ ዛሬ ጠዋት ትንሽ ጋብ አለ። እኔ በደህና ገብቻለሁ። ስልክ ደውለሽ እንደነበር ጎረቤታችን ሴይጂ ነግሮኛል። አትድከሚ፣ አላነሳም። በስልክ ግማሹን አልሰማም፣ የሰማሁትን ግማሽ ደግሞ አልወደውም። በደብዳቤ ስትቆጪኝ ቢያንስ ሻይ እየጠጣሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ለአማትሽ ለወይዘሮ ሀትሱኖ ይቅርታዬን አድርሺልኝ። ለሙት ዓመት ጸሎት ተጠርቼ መጥቼ የባለቤትየዋን እጅ አሰብሬ ተመለስኩ፤ ከዚህ የባሰ እንግዳ ከየት ይመጣል? ያቆምኩት የባልሽ መኪና ቁልቁል ሲንከባለል ዘለው ዞር ባይሉ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር እያልኩ እስካሁን አስባለሁ። አንድ ሣጥን ፖም ልኬላቸዋለሁ። ፖም አጥንት አይጠግንም፣ ግን ሌላ የምልከው የለኝም።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ነገር። የእጅ ፍሬኑን አልረሳሁም። አንቺ እዚህ ተወልደሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ የመጀመሪያው በረዶ መሬት ከያዘ ጀምሮ እስከ አራተኛው ወር ድረስ በዚህ አገር የእጅ ፍሬን የሚይዝ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የፍሬኑ ገመድ ረጥቦ ያድርና ይጋግራል፣ ጠዋት ጎማው ተጣብቆ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ማርሽ ታስገቢያለሽ፣ ትወርጃለሽ፣ አለቀ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ያደረግሁት ይህንን ነው። ወደ እናንተ ስመጣ እዚህ በረዶ ወድቆ ነበር፤ ከወደቀ ደግሞ እጄ ወደዚያ ብረት አይሄድም፣ በረዶ በማይወርድበት ናጋሳኪም ብሆን አይሄድም። ማርሹ የእናንተን ቁልቁለት አልቻለውም። ሰፈራችሁ ደግሞ ሰፈር አይደለም፣ መሰላል ነው።

ባልሽ በጓዳ "አባባ ረስተው ነው፣ ዕድሜ ነው" ሲልሽ ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬ ሲፈልግ ይሰማል። መርሳትና ልማድ ለየቅል ናቸው፣ ይህን ንገሪው።

የመኪናህን ቁልፍ ለሴይጂ ስጥ ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። እናትሽ ያለችበት የአረጋውያን ቤት ከድልድዩ ማዶ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡሱ ከቀረ ሁለት ዓመቱ፤ ታክሲ በዚህ በረዶ እዚህ ድረስ አይወጣም። ሐኪሙ ምን እንዳለ አብረን ሰምተናል፤ ፊቴን በየቀኑ ካየች ትይዘዋለች፣ ካላየች ይሄድባታል። አሁን ከሰባት ቀን አምስቱን ታውቀኛለች። አንድ ሳምንት ብቀር ስንቱ ቀን እንደሚቀረኝ የሚነግረኝ የለም። መኪናዋን ስትወስዱብኝ የምትወስዱት መኪና አይደለም።

አባትሽ ቶራኪቺ


ናጋሳኪ፣ 12ኛ ወር፣ 10ኛ ቀን

ውድ አባዬ፣

ደብዳቤህም ፖሙም ደረሱኝ። አማቴ በግራ እጃቸው እየበሉ "ፖሙ ማር ነው፤ ላኪው ግን መሪ አይንካ" ብለውሃል። ጄሶው ከአዲስ ዓመት በኋላ ይፈታል። እሳቸው አልተቀየሙህም። የማልተኛው እኔ ነኝ።

ስለ ልማዱ የጻፍከውን ለዮሺታካ አነበብኩለት። "ይሁን" አለ። ባሌ "ይሁን" ሲል እንዳላመነ አውቃለሁ። እኔ ማመን እፈልጋለሁ አባዬ። ግን ሰባ ዘጠኝ ዓመትህ ነው፤ ያ ድልድይ ላይ ከወንዙ የሚነሳው ነፋስ መኪና ሲገፋ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሥራ ቦታ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። የበረዶውን ወራት እዚህ መጥተህ ክረም ስልህ "እናትሽንስ?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። መልስ ስለሌለኝ ነው ደጋግሜ የምልህ።

እስቲ ሁሉንም ጻፍልኝ። መኪናዋን እንዴት አድርገህ ነው የምትይዛት? ጠዋት ምን ታደርጋለህ፣ ስትመለስስ? አጠገብህ የቆምኩ ያህል እንዲሰማኝ።

አንድ ነገር ልንገርህና ሳቅ። ትናንት እዚህ ውርጭ ወርዶ ነበር። ዮሺታካ ገና ከጋራዥ በወጣችው መኪና የፊት መስታወት ላይ ግግሩን አቀልጣለሁ ብሎ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ደፋበት። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ለአንተ እንዳልነግርህ ሲለምነኝ ነበር።

ልጅህ ፉሚኤ


ካማኖሳዋ፣ 12ኛ ወር፣ 18ኛ ቀን

ለፉሚኤ፣

በፈላው ውሃ ነገር ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሴይጂን ጠርቼ አነበብኩለት፣ እሱም እንባው እስኪወጣ ሳቀ። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራ የደቡብ ሰው ብቻ ነው። ባልሽን አትቆጪው፣ በረዶ የሚያውቀው መጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ነው።

ጻፍልኝ ካልሽ እጽፋለሁ፣ ሲሰለችሽ ግን በራስሽ ነው። ጠዋት ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ጣሪያዋን እጠርጋለሁ። የጣሪያ በረዶ ተሸክሞ የሚነዳ ሰው ፍሬን ሲረግጥ በረዶው ተንዶ መስታወቱን ይሸፍንበታል። ቀጥሎ የጭስ ማውጫውን አያለሁ፣ በረዶ ደፍኖት ከሆነ ጭሱ የሚገባው ወደኔ ነው። የመስታወት መጥረጊያዎቹን አቁሜ ነው የማሳድራቸው፣ አለዚያ ይጣበቃሉ። የበሮቹን ጎማ በዘይት እቀባለሁ። በር አልቆልፍም፣ ቁልፉ ይጋግራል፣ ደግሞስ እዚህ ማን ይሰርቃል?

ዋናው ጠላት ግን በረዶው አይደለም፣ ጨው ነው። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ጎህ ሳይቀድ ድልድዩ ላይ ይበትነዋል። ነፍስ የሚያተርፈው ያ ጨው ነው፤ ያለ እሱ ስንቱ ወንዝ ውስጥ በገባ። ከዚያ ግን ከስር ገብቶ ብረቱን ይበላል። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ስር ተጋድሜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከላይ ሙሽራ የመሰለች መኪና ከስር ሻንሲዋ እንደ ብስኩት ሲፈረፈር አይቻለሁ። ስለዚህ ከእናትሽ ዘንድ ስመለስ፣ ቀትር ላይ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በላይ ከሆነ ብቻ፣ ለብ ያለ ውሃ በቱቦ አድርጌ ሆዷን፣ የጭስ ማውጫዋንና የጎማዎቹን ጓዳ አጥባለሁ። በርከክ ብዬ ነው፣ ጉልበቴ ይሰድበኛል። ከታጠበች በኋላ መንደሩን አንዴ እዞርባታለሁ፣ ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ እያደረግሁ፣ እንዲደርቅ። ከዜሮ በታች ከሆነ ግን ጠብታ ውሃ አላስነካትም።

አሁንስ አመንሽኝ? የሚረሳ ሰው እንዲህ አይዘረዝርም።

እናትሽ ከትናንት ወዲያ አወቀችኝ። "ጫማህ ጨው ይዟል፣ ምንጣፉን አበላሸኸው" ብላ ተቆጣችኝ። ደስ ብሎኝ ደግሜ ረገጥኩላት።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮኛል። ዛሬና ትናንት ጠዋት ባትሪው ሞቶ አገኘሁት። ቅዝቃዜው ይሆናል።

አባትሽ


ናጋሳኪ፣ 12ኛ ወር፣ 24ኛ ቀን

አባዬ፣

የጻፍከውን ሁሉ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ እማዬና ስለ ምንጣፉ ያልከውን ግን ከዚያም በላይ።

ባትሪው አርጅቶ ይሆናል፣ አታስገድደው። አዲሱ ዓመት እስኪያልፍ ቤትህ አርፈህ ብትውል እማዬ አትቀየምህም። ሌላ የምጽፈው አጣሁ። ሥራ በዝቶብኛል። ይቅርታ።

ፉሚኤ


ካማኖሳዋ፣ 1ኛ ወር፣ 6ኛ ቀን

ለፉሚኤ፣

እንኳን አደረሳችሁ። ለወይዘሮ ሀትሱኖ ጄሶው በሰላም ይፈታላቸው። የላክሽው የሩዝ ሊጥ ደርሶኛል፣ ጠብሼ በልቻለሁ። እንዳያንቀኝ አድቅቄ ነው የበላሁት፣ አትጨነቂ።

"ባትሪው ተቀየረ ወይ" ብለሽ በሴይጂ በኩል ጠይቀሽኛል። አልተቀየረም፣ ባትሪው ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው። እንዲህ ብዬ እጽፍልሻለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ግን ከማን ጋር ልነጋገር?

መጀመሪያ ብርዱ መስሎኝ ነበር፤ ጠዋት ስወጣ ግን የመኪናዋ መብራት ማብሪያ ተከፍቶ አገኘዋለሁ። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ባትሪውን ጨርሶታል። አንድ ቀን ቢሆን ማንም ይስታል። ሁለተኛው ቀን ራሴን ሰደብኩ። ሦስተኛው ቀን ካላንደሩ ላይ በገዛ እጄ "መብራቱን አጥፍቻለሁ" ብዬ ጻፍኩና ገባሁ። ጠዋት ካላንደሩን አየሁት፣ ጽሑፉ የእኔ ነው። ወጣሁ። ማብሪያው ተከፍቷል።

ባትሪው እንደገና እስኪሞላ አንድ ቀን ይፈጃል። ሴይጂን ከመኪናህ ኤሌክትሪክ አውሰኝ ብለው የማገናኛ ገመዱ ተበጥሷል አለኝ፣ ዐይኔንም ማየት አልፈለገም። ሰው ሲያዝንልህ ይታወቅሃል። በዚህ ሁሉ አራት ቀን አለፈኝ። በአምስተኛው ቀን እናትሽ ክፍል ስገባ ቀና ብላ አየችኝና ለነርሷ "ፖስተኛው መጣ" አለቻት። ቁጭ አልኩ። ደብዳቤ የለም ወይ አለችኝ። የለም አልኳት።

ወደ ቤት ስመለስ ድልድዩ ላይ ሳስበው ነበር። ምናልባት ናጋሳኪም ላይ ልማድ ሳይሆን ረስቼው ይሆናል። ምናልባት ልማድ ነው የምለው እፍረቴን ልሸፍንበት ይሆናል። አሁን ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ፣ እነሳለሁ፣ መስኮት ከፍቼ መብራቱን አያለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። ባልሽን ትክክል ነበርክ በይው። አሁኑኑ ግን አትንገሪው።

አባትሽ


ናጋሳኪ፣ 1ኛ ወር፣ 11ኛ ቀን

አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ አንብበህ ስትጨርስ ልጄ አይደለሽም ብትለኝ መብትህ ነው።

መብራቱን የሚያበራው ሴይጂ ነው። እንዲያደርገው የለመንኩት እኔ ነኝ። በር እንደማትቆልፍ አውቅ ነበር፣ እኔም እዚያው ነው ያደግሁት። አልፈልግም ብሎ ነበር። ስልክ ላይ አለቀስኩበት፣ አባቴ ወንዝ ውስጥ ቢገባ በአንተ ነው አልኩት፣ እሺ አለ። ገመዱም አልተበጠሰም።

ያሰብኩት ባትሪው ሞተ ብለህ ተናደህ ቤት ትውላለህ ብዬ ነበር። ብርዱን ትሰድባለህ፣ መኪናዋን ትሰድባለህ ብዬ ነበር። ራስህን ትጠረጥራለህ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ስለ ካላንደሩ ያነበብኩ ቀን ከቢሮ ወጥቼ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። የሰው ነፍስ ላተርፍ ብዬ አእምሮውን እንዲያጣ አደረግሁ። "ፖስተኛው መጣ" ያሰኘኋት እኔ ነኝ። እነዚያን አራት ቀናት ከየት አምጥቼ ልመልስልህ?

ሴይጂን አትቆጣው። እኔን ተቆጣ። አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ፣ ስድብም ይሁን።

ፉሚኤ


ካማኖሳዋ፣ 1ኛ ወር፣ 16ኛ ቀን

ለፉሚኤ፣

ስድብ ከፈለግሽ ይኸው፤ ባለጌ ነሽ። እናትሽ ጤነኛ ብትሆን ኖሮ ከዚህ የባሰ ትልሽ ነበር።

ደብዳቤሽን በር ላይ ቆሜ አነበብኩትና ጫማዬን ሳላስር ወደ ሴይጂ ቤት ሄድኩ። እሱ ፊቴን ሲያይ ገባው። በረዶው ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። ሚስቱ ታሚ ከኋላ ሆና "ተነሳ አንተ፣ ጉንፋን ይይዝሃል፣ ማን ሊያስታምምህ ነው?" ትለዋለች። ልመታው ሄጄ ሳቄ መጣ። ለምን እንደሳቅሁ ታውቂያለሽ? አልረሳሁም ነበር! መብራቱን አጥፍቼ ነበር! ካላንደሩ ልክ ነበር! መንገድ ላይ ብቻዬን እየጮህኩ ተመለስኩ፣ የሰፈሩ ሰው አሁን በእርግጥ አበደ ሳይል አይቀርም።

ግን አራት ቀን ሰርቃችሁኛል፣ ይህን አልረሳም። ሴይጂ በቅጣት የቤቴን ጣሪያ በረዶ ይጠርጋል። ያንቺን ቅጣት ገና አላሰብኩትም።

አሁን እንደገና በየቀኑ እየሄድኩ ነው። ለእናትሽ ትናንት ፖስተኛ ነበርኩ፣ ዛሬ እጄን ያዘችኝ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቅኳትም።

አባትሽ


ናጋሳኪ፣ 1ኛ ወር፣ 24ኛ ቀን

ውድ አባዬ፣

ባለጌ ስላልከኝ አመሰግናለሁ። እንደዚያ ቀን ተንፍሼ አላውቅም።

ሁሉንም ለዮሺታካና ለአማቴ ነገርኳቸው። አማቴ ጄሶ የተፈታበትን እጃቸውን እያሹ "አንቺም እኮ በሙሽርነትሽ ዓመት የእጅ ፍሬን ሳትይዢ መኪናውን ለቀሽ ሄደሽ የአትክልት ሻጩን ጋሪ ገጭተሻል" አሉኝ። እኔ ረስቼዋለሁ! ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ "ያገራችን ልማድ ነው" ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ዮሺታካ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቀላ። "አባባን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ልክ ነበሩ" ብሏል፤ ከዚህ ጋር የራሱን ደብዳቤ አያይዟል፣ ጽሑፉ መጥፎ ነው ግን ከልቡ ነው።

ንዳ አባዬ። ከእንግዲህ ስለ ቁልፉ አንድ ቃል አልናገርም። እማዬን ሳምልኝ።

ፉሚኤ


ናጋሳኪ፣ 2ኛ ወር፣ 14ኛ ቀን

አባዬ፣

ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤህ ቀረ። ለዮሺታካም አልመለስክለትም። ስለ ቁልፉ አልናገርም ብያለሁ፣ አልናገርም። ደህና መሆንህን ብቻ ንገረኝ። ለሴይጂ ደወልኩ፤ "ደህና ናቸው፣ ራሳቸው ይጽፉልሻል" ብሎ ዘጋው። አንድ ነገር ሲደብቅ ድምፁ እንዴት እንደሚሆን አሁን አውቃለሁ፣ እኔው አስተምሬዋለሁ። እማዬ ደህና ናት? በናትህ ጻፍልኝ።

ፉሚኤ


ካማኖሳዋ፣ 2ኛ ወር፣ 19ኛ ቀን

ለልጄ ለፉሚኤ፣

እናትሽ ደህና ናት። እኔም ሰውነቴ ደህና ነው። ይቅርታ፣ ብዕር አንስቼ ስንት ጊዜ አስቀመጥኩ።

ንዳ ያልሽኝ ደብዳቤ የደረሰኝ በመጀመሪያው ወር ሠላሳኛ ቀን ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ልጅ ይመስል ኪሴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ዘጠኝ ነበር። የመኪናዋ መስታወት ላይ የጣት ውፍረት ያለው ግግር ተጋግሯል። እንደዚያ ሲሆን ምን እንደሚደረግ የሰፈሩ ሕፃን ያውቃል፤ ሞተሩን ታስነሻለሽ፣ የሞቀው አየር ከውስጥ እስኪያላቅቀው ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ትፍቂዋለሽ።

እኔ ወደ ቤት ገባሁ። ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። እስኪፈላ ቆሜ ጠበቅሁ። ይዤው ወጥቼ መስታወቱ ላይ ደፋሁት።

ሲሰነጠቅ የተሰማው ድምፅ ነው ያነቃኝ። ተኝቼ አልነበረም፣ ግን ሌላ ቃል የለኝም። ማንቆርቆሪያው በእጄ እንፋሎቱን እየተፋ ቆሜያለሁ፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ሴይጂ በአጥሩ በኩል አይቶኛል። መጀመሪያ ያልኩት ምን መሰለሽ? "አንተ ነህ ያደረግኸው?" አልኩት። እሱ እንዲሆን እንዴት እንደተመኘሁ! አይደለሁም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

በዚያው ቀን አዲስ መስታወት አስገባልኝ። ለማንም አልናገርም ብሎ ማለ። ከዚያ በኋላ ሥራውን እየተወ እሱ ነው የሚወስደኝ። እኔም ዐይኔን በጨው ታጥቤ ዝም ብል አንቺ ቃልሽን ሰጥተሻል፣ ባልሽ ይቅርታ ጠይቋል፣ ማን ያውቃል? ሦስት ሳምንት ከራሴ ጋር የተከራከርኩት ይህንን ነው። ክፍል ውስጥ እየዞርኩ። ምንጣፉ ላይ መንገድ አወጣሁ።

ፉሚኤ፣ ያኛው ስህተት የእኔ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ያልያዝኩት እኔ ራሴ፣ ቶራኪቺ፣ የበረዶ አገር ሰው ነኝ። ይሄኛው ግን የእኔ አይደለም። ማንቆርቆሪያውን የጣደውን ሰውዬ አላውቀውም። ያ ሰውዬ ድልድዩ መሃል ላይ መሪውን ቢቀበለኝስ? በዚያ ሰዓት የትምህርት ቤት ልጆች በእግራቸው ይሻገራሉ፣ ቢጫ ኮፍያ አድርገው፣ ተሰልፈው።

ቁልፉን ዛሬ ጠዋት ለሴይጂ ሰጠሁት። አንቺ ስላልሽ አይደለም። ሴይጂ የፖም ዛፎቹን መግረዝ ሊጀምር ነው፣ ከዚህ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን እወስድሃለሁ ብሏል። ከሰባት አንድ ቀን። እናትሽን እንዴት እንደማቆያት አላውቅም። ፈራሁ።

አባትሽ


ከድልድዩ ማዶ፣ 3ኛ ወር፣ 17ኛ ቀን

ለልጄ ለፉሚኤ፣

የአድራሻውን መለወጥ አይተሽ እንዳትደነግጪ። ተቀመጪና አንብቢ።

ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ ያልሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። አይሆንም። ባልሽ ያለ አንቺ መስታወት ሲሰብር ይኖራል። ሴይጂ የመንደሩን ሽማግሌዎች ሰብስቦ ተራ እናውጣ፣ እያፈራረቅን እንውሰዳቸው ብሎም ነበር። የሰው ሥራ ላይ መጫን አልወደድኩም። እኔ ሦስት ሳምንት ገደማ ወደ እናትሽ የምደርስበትን መንገድ ስፈልግ ከረምኩ፤ አንድ ቀን ነርሷ ወይዘሪት ናራ በሦስተኛው ክፍል የነበሩት ሽማግሌ ማረፋቸውን ስትነግረኝ ከእናትሽ ክፍል ሁለት በር ብቻ የሚርቅ መሆኑን አሰብኩ። በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ። የማንቆርቆሪያውን ነገር አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳፋሪ ነገሬ ጠቀመኝ፤ የመግቢያ ወረቀቱን ፈረመልኝ። ከገባሁ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ሳላማክርሽ አደረግሁት፣ ይቅር በይኝ። ባማክርሽ ታለቅሻለሽ፣ ስታለቅሺ ደግሞ ምን እንደምታሠሪ አይተናል።

ቤቱን ሴይጂ ይጠብቃል። መኪናዋን ታሚ ወስዳታለች። ከመስጠቴ በፊት አየሩ ሞቅ ያለበት ቀን መርጬ ሆዷን ለመጨረሻ ጊዜ አጠብኩ፣ በመዶሻ እየነካካሁ አዳመጥኩት። አንድም ቦታ አልበሰበሰም። አሥራ ሰባት ዓመት በጨው ላይ የሄደች መኪና! ታሚን አጠገቤ አስበርክኬ አሳየኋት፣ "ጋሼ ቶራኪቺ፣ እኔ ባሌን እንኳ እንዲህ አላጥበውም" አለችኝ።

ምግቡ ጨው የለውም። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ያንኮራፋል፣ እኔ ግን ደንቆሮ ነኝ፣ ተስማምተናል። እንደ ድሮው አይደለሁም፣ መቀመጥ አልችልም፣ ኮሪደሩን ስለካ ነው የምውለው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ደብዳቤውን ልጨርስ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከእናትሽ ጋር ቁርስ በላሁ። "እርስዎ አዲስ ገቢ ነዎት?" አለችኝ፣ አዎ አልኳት። ከረፋዱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ተነስታ ካፖርቷን ለበሰች፣ ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች፣ በሩ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ መስኮት ሄዳ ቆመች። ነርሷን ምን ሆና ነው ብዬ ጠየቅሁ። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ እርስዎ እስኪመጡ መስኮቱን አትለቅም። አያውቁም ነበር እንዴ?" አለችኝ።

ከየት አውቄ! ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ።

ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ማንን ነው የምትጠብቂው አልኳት። "ባለቤቴን" አለችኝ። "ዛሬ ዘገየ፣ ድልድዩ አንሸራቶት ይሆን?" መጣሁ እኮ፣ እኔ ነኝ አልኳት። አየችኝ፣ ፈገግ አለችልኝ፣ መልሳ ወደ መንገዱ ዞረች። እስከ ምሳ ቆመች። ምሳ አልበላችም። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በየቀኑ ልሆንላት ብዬ ቤቴን ጥዬ መጣሁ፤ የምትጠብቀውን ሰውዬ ግን ጨርሶ እንዳይመጣ አደረግሁት ማለት ነው። በዚያ ቀን እንዴት እንደዋልኩ አትጠይቂኝ።

በሦስተኛው ቀን ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የመንገድ ካፖርቴንና ቦት ጫማዬን አደረግሁ። በወጥ ቤቱ በኩል ባለው የጓሮ በር ወጣሁ፣ ሕንፃውን በረዶው ውስጥ ዞርኩት፣ በዋናው በር ገባሁ። ጫማዬን አራገፍኩ። እናትሽ ከመስኮቱ ዞራ እየሮጠች መጣች።

"መጣህ?" አለችኝ። "እጅህ በረዶ ሆኗል። መንገዱ እንዴት ነበር?"

"ደህና ነበር" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እሄዳለሁ። ቆጥሬዋለሁ፣ ሰማንያ ሁለት እርምጃ ነው። ስትመጪ አንቺም በዋናው በር ግቢ፣ አራት ሰዓት ላይ።

አባትሽ ቶራኪቺ